የባቡር ብረት አይዝግም

አባቴ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚያምነው የባቡር ብረትን ነው። እንዲያውም እግዚአብሔርን አንዳንዴ ይሟገተዋል፤ ብረቱን ግን ጠይቆት አያውቅም። ዕድሜውን በባቡር ጋራዥ ፈጅቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ጋራዡ የጣለውን ሁሉ እየለመነ ስላመጣ ቤታችን መጋዘን ሆኖ ነበር። የአጥራችን ቋሚዎች ድሮ ሐዲድ የተሸከሙ ብረቶች ናቸው። የልብስ ማስጫው፣ የዶሮው ቤት በር፣ የአልጋዬ እግር ሳይቀር የባቡር ብረት ነው። «የባቡር ብረት አይዝግም፣ የፈረንሳይ ሥራ ነው» ይላል። አጥሩን የተደገፈ ሰው ጀርባው ቀልቶ ነው የሚነሳው፤ ይህን ስትነግረው «እሱ ላዩ ነው» ይልሃል። እንግዲህ የእኔ ነጭ ቀሚሶች ሁሉ ያለቁት በላዩ ነው።

የምንኖረው ድሬዳዋ ነው፣ እኔና እሱ ብቻ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ግቢያችን ውስጥ አባባ በጉልበቱ ዘመን ራሱ የቆፈረው የውሃ ጉድጓድ አለ፤ የመንግሥት ቧንቧ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጉድጓድ ያለው ሰው ጌታ ነው። ውሃውን በዲናሞ እየሳብን ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር እናወጣለን። እናቴ በሕይወት ሳለች ግንቡን አስበስታ ከታንከሩ ወደ ጎረቤት ግቢ ቧንቧ አሳለፈች። «ውሃ አይከለከልም» አለች፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከግንቡ ወዲያ ያሉት ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ለማጠቢያውም ለመጠጡም ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእም የሚቀዱት ከእኛው ጉድጓድ ነው።

ጎረቤቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። እኩያዬ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው። ቤት ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። እናቷን «ሆዮ» ትላታለች፣ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም ሆዮ እላታለሁ፣ ሰፈሩም፣ የሚበልጣት ሽማግሌ ሳይቀር፣ ሆዮ ይላታል። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር ብዙ አይሆንልንም፤ ሆዮንም አንቺ፣ አባባንም አንተ ብዬ ነው ያደግሁት።

ሆዮ ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷም ከድቷታል። የድሮው ሽንት ቤታቸው ከግቢው ጥግ፣ ከደረጃ በላይ ነው። ስለዚህ ልጇ ከሆዮ በር አጠገብ፣ በእኛ ግንብ በኩል፣ አዲስ ሽንት ቤት አስቆፈረችላት። ሆዮ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ትመለሳለች። ልጇ ቀኑን ሙሉ ቀፊራ ነው የምትውለው፤ ለሆዮ ማንንም ሳይጠሩ ሽንት ቤት መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ሽማግሌ ያልጦረ ሰው አይገባውም።

በዚያው ሰሞን የእኛ ጉድጓድ ውስጥ የነበረው የላስቲክ ቱቦ ተሰነጠቀ። ሌላ ላስቲክ ገዝተን እንቀይር ስል አባባ ሳቀብኝ። መጋዘኑ ገብቶ ድሮ ያመጣቸውን የብረት ቱቦዎች አወጣ፣ አወለወለ፣ ቀለም ቀባ፣ ከጉድጓዱ ሥር እስከ ታንከሩ ድረስ በብረት ዘረጋው። ሲጨርስ «አሁን ቱቦ አየሽ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምር ነበር።

ውሃው መቀየሩን መጀመሪያ የነገረችኝ ሆዮ ናት። እሷ ለሶላት ከመታጠቧ በፊት ውሃ ትመረምራለች፤ ቀለሙን በደንብ ማየት ባትችል ታሸተዋለች፣ በምላሷ ጫፍ ትቀምሰዋለች። ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይ ሽታው በነጃሳ፣ ማለትም በቆሻሻ፣ ከተቀየረ ውዱእ አይደረግበትም። በግንቡ በኩል ጠርታኝ «ልጄ፣ ውሃው ደም ደም ይላል» አለችኝ። በብርጭቆ ቀድቼ አየሁት። ቀጠን ያለ ሻይ መስሏል። የታጠቡት አንሶላዎች ቢጫ ሆኑ፣ የተቀቀለው ሩዝ ጠቆረ።

አባባ ብርጭቆውን ቀና ብሎ እንኳ በደንብ አላየውም። «ሽንት ቤቱ ነው» አለ።

«ቱቦውስ አባባ? እሱንም ያን ሰሞን አይደል የቀየርከው?»

«የባቡር ብረት አይዝግም።»

መጠርጠሩ ልክ ነው፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ያበላሻል፣ ይህን ማንም ያውቃል። ግን መጠርጠርና መፍረድ ለየቅል ናቸው። እሱ በማግስቱ አንድ ጀሪካን በረኪና ገዝቶ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋ። ውሃው ይጠራል ስንል ጭራሽ ቡናማ ሆነ። በዚህ ጊዜ ማንም ጤነኛ ሰው «በረኪናው ምን ነክቶት ነው?» ይል ነበር። የእኔ አባት «አየሽ፣ ቆሻሻው ከመብዛቱ የተነሳ በረኪናው እያወጣው ነው» አለ። ሌላ ጀሪካን ጨመረ። ባሰ። ሌላ ጨመረ። ውሃው በከፋ ቁጥር እሱ ልክ እየሆነ ሄደ። እኔ አንጀቴ እያረረ አንሶላዬን በሎሚ እፈትጋለሁ።

ከዚያ ነገሩን ለሽማግሌ ሰጠው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ማለት የአባባ የበርጫ ጓደኞች ናቸው። ከምሳ በኋላ እኛ ግቢ ጥላው ሥር ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ሽርጣቸውን ታጥቀው ይጋደማሉ፣ ጫታቸውን እየቃሙ አገር ያስተዳድራሉ። ያን ቀን ጎረቤቴን አስጠሯት። ሱቋን ዘግታ ከቀፊራ በባጃጅ መጣች። ድሪያ ቀሚሷ ላይ የበርበሬ ብናኝ ነበረበት። ተቀመጪ ያላት ሰው የለም።

አባባ ተናገረ። «ሽንት ቤቱ ተቆፈረ፣ ውሃው ቀላ። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ወላሂ ቆፋሪው ርቀቱ ይበቃል ብሎኝ ነው» አለች። «ሆዮ ደረጃ መውጣት አትችልም፣ ታውቃላችሁ።»

አንዱ ሽማግሌ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ «ለጉርብትና ሲባል ይደፈን» አለ። ሌሎቹም ይደፈን አሉ።

«ሳይመረመር?» አልኩ ከኩሽናው በር።

«አባትሽ ውሃ አያውቅም ነው የምትይው?» አለኝ አንዱ።

«አባቴ የሚያውቀው ባቡር ነው» አልኩ። ሳቁ። አቦ ይህቺ ልጅ እናቷን ወጣች ተባባሉና ነገሩ በሳቅ አለፈ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጧት። እሷ «እሺ» ብቻ አለች። ስትወጣ እኔን አየችኝ፤ እኔ የማደርገውን አጥቼ ድስት ማማሰል ጀመርኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኛ ቤት ነው።

ያን ዕለት ለራሴ አንድ ነገር አልኩ። ወሩ ከማለቁ በፊት ይህ ቀለም ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሆዮ በዚህ ዕድሜዋ በአባቴ ግትርነት ደረጃ ስትድህ አላይም። እስከዚያ ድረስ ግን ጎረቤቴን ለማየት ፊት አጣሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላታለሁ? እሷም ወደ ግንቡ መምጣት ተወች፣ የእነሱም ቧንቧ ድምፁ ጠፋ።

ጠዋት ዲናሞው ሳይነሳ ባልዲ በገመድ አስሬ በቀጥታ ከጉድጓዱ ቀዳሁ። ከዚያ ዲናሞውን አስነሳሁና በአባባ ቱቦ በኩል የመጣውን የመጀመሪያውን ውሃ ያዝኩ። ሁለቱንም በየጠርሙሱ ሞልቼ መስኮት ላይ አቆምኳቸው። የባልዲው ትንሽ ደፍረስ ቢልም ቀለሙ ውሃ ነው። የቱቦው ቀይ ነው፤ ሲቆይ ሥሩ ላይ ጡብ የተፈጨ የሚመስል አተላ አስቀመጠ። ዲናሞው ትንሽ ሲሠራ ደግሞ የቱቦው ውሃ ቀለሙ ይሳሳል፤ ሲያድር ተመልሶ ይቀላል። ሽንት ቤት ቢሆን ጉድጓዱ ውስጥ ያለውም ውሃ አብሮ በቀላ ነበር፤ ይህ ውሃ የሚቀላው መንገድ ላይ ነው። ጠርሙሶቹን ለአባባ አሳየሁት። «ባልዲው ከላይ ከላይ ነው የሚቀዳው፣ ቆሻሻው ከሥር ነው» አለኝ። ከእሱ ጋር መከራከር ማለት ውሃ መውቀጥ ነው።

ስለዚህ ጠርሙሶቼን ይዤ ውሃ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰውዬ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን ዘወር አደረገ። «እህቴ፣ ይሄ በረኪና ነው። የሽንት ቤት ጀርም ቢኖርበት እንኳ በረኪናው ገድሎታል፤ ምን ብዬ ልመርምርልሽ? መድኃኒቱን አቁሙ፣ ጉድጓዱን ጨልፋችሁ አውጡ፣ ጠረኑ ጨርሶ ሲጠፋ ተመለሺ። ደግሞስ ብረት ቱቦ አለን ብለሻል፤ በረኪና ብረት ይበላል፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውንም ብረት ዝገት አድርጎ ያወጣዋል። ሳታውቁ እያቀላችሁት ያላችሁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።»

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ደሜ ፈላ። እየው እንግዲህ፣ አባቴ ውሃውን አበላሽቶ፣ በጎረቤት ፈርዶ፣ ማስረጃውንም በበረኪና ገድሎታል።

ቤት ስደርስ የቀረውን በረኪና ይዤ ወጣሁና የምሠራበት ቢሮ ወስጄ ጠረጴዛዬ ሥር ደበቅኩት። ባልደረቦቼ ምንድን ነው ሲሉኝ የአባቴ ጡረታ ነው አልኳቸው። በማግስቱ አባባ ግቢውን ሲያስስ ዋለ።

«በረኪናዬ የታለ?»

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኩት።

ቀጥ ብሎ ቆመ። ከእኔ አፍ አንቱ ሰምቶ አያውቅም፤ ብሰድበው ይሻለው ነበር። «ምን አልሽ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምርመራው እስኪያልቅ ጠብታ በረኪና እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ እኔ እዚህ ቤት አልኖርም፤ ይህን ይወቁልኝ።»

ያን ቀን ምሳውን ብቻውን በላ። እኔ ሰው ቀጥሬ ጉድጓዱን በባልዲ አስጨለፍኩ። አዲስ ውሃ መጣ፣ የበረኪናው ሽታ እየሳሳ ጠፋ። ላቦራቶሪው በሰጠኝ ንጹሕ ጠርሙሶች ከጉድጓዱም ከቱቦውም ቀድቼ ተመለስኩ። መልሱ ሲመጣ ሰውዬው በቃሉ አስረዳኝ። ከሰገራ የሚመጣ ጀርም የለበትም። ከጉድጓዱ የተቀዳው ውሃ ውስጥ ያለው ብረት ለክፉ የማይሰጥ ነው፣ በቱቦው የመጣው ግን ዝገት ሞልቶታል። «ቱቦውን አውጡ፣ ታንከሩን እጠቡ» አለኝ። «ለመጠጥ የምታውሉት ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ነጻ ነው ተባልን ብላችሁ አትተኙ፣ እየቆያችሁ አስመርምሩ።»

የቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ገባሁ። አባባ ወንበሩን አውጥቶ ተቀመጠ፣ ሊያፍር ሳይሆን እኛ ስናፍር ሊያይ። ቱቦው ከጉድጓዱ ሲወጣ ላዩ ቀለሙ እንዳለ ነው፣ ያምራል። ሠራተኛው አንዱን አጋድሞ በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ከውስጡ ቀይ ቅርፊት እንዳረረ ቂጣ እየተሰበረ ረገፈ። ቀዳዳው ግማሹ ተደፍኗል። አባባ ተነስቶ መጣ። ጣቱን አስገብቶ አወጣው፣ ዳማ የሆነ ጭቃ ነው። ጣቱን ረጅም ጊዜ አየው። እኔ ጠበቅኩ፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት።

«ይሄ የፈረንሳዩ አይደለም» አለ። «ከሌላ ጋር ተቀላቅሎብኝ ነው።»

ሳቅ አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም፣ ምን እንደወጣኝ አላውቅም። ትቼው ሥራዬን ቀጠልኩ። አዲስ ላስቲክ ቱቦ ገባ። ታንከሩን ባዶ አድርገን ስንፈትሽ ሥሩ ላይ ቀይ ደለል ተኝቷል፤ ፍቀን አወጣነው፣ ደጋግመን አጠብነው። ወደ ጎረቤት የሚሄደውንም መስመር ከፍተን ንጹሕ እስኪመጣ ለቀቅነው። ከዚያ ያንን ውሃ በጆግ ሞልቼ ሳልከድነው ይዤ ወጣሁ። ወሩ ገና አላለቀም ነበር። ደርሼላታለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ ሰው የለም፤ ገፋ አድርጌ ገባሁ። ሆዮ በሯ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ቀፊራ ናት። ዞር ስል ሽንት ቤቱ የነበረበት ቦታ ትኩስ አፈርና ድንጋይ ነው። ቤቱም ፈርሷል፣ ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ተደግፏል።

«ሆዮ፣ መቼ ነው የደፈናችሁት?»

«ከተጠራች በማግስቱ፣ አንቺ ቢሮ ሳለሽ» አለች። «እኔ ነኝ ድፈኚው ያልኳት። ጎረቤት በእኛ ነጃሳ እየታጠበ እንዴት እንተኛለን?»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሽንት ቤቱ አይደለም፣ የአባባ ቱቦ ነው የዛገው አልኳት። ልጇ ከተጠራች ወዲህ ለሶላት የነጻችው በአፈር እንደነበር ነገረችኝ፤ ከእኛ ቧንቧ የሚመጣውን ነጃሳ ነው ስለተባለች አልነካችውም፣ ልጇ በጋሪ የምታስመጣውን ውሃ ደግሞ ለእጅ አላባክነውም ብላ ነው።

«ከብረቱ ነው?» አለች። «ብረትማ መንገዱ ነው። ውሃ የሄደበትን መንገድ ቀለም ይይዛል እንጂ አይረክስም።» «ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ» አለች። ከዚህ ሌላ የወቀሳ ቃል አልወጣትም። እኔ ግን በእሷ ፈንታ ተቃጠልኩ።

ጆጉን አቀበልኳት። አሸተተች፣ ቀመሰች፣ አልሐምዱሊላህ አለች። እጇን፣ አፏን፣ ፊቷን፣ ክንዷን ታጠበች፤ የሚያስቀና አስተጣጠብ ነበር። የአፏን ውሃ ግን ተፋችው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የድሬ ፀሐይ አናት ላይ ነው።

«ጠጪ እንጂ ሆዮ።»

«ልጄ ከቀፊራ ስትመጣ እጠጣለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ውሃው እጇ ላይ ነው፣ ልጇን ምን አስጠበቃት? ከዚያ ያንን ትኩስ አፈር አየሁና ገባኝ። ብቻዋን የምትሄድበት ሽንት ቤት ስለሌለ፣ ልጇ መጥታ ደግፋ ደረጃውን እስክታወጣት ድረስ፣ በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሳትጠጣ ትውላለች። እኛ አንሶላችን ቢጫ ሆነ ብለን ስንጮህ እሷ ከግንቡ ወዲያ እየደረቀች ነበር።

«እኔ እወስድሻለሁ፣ ጠጪ» አልኳት።

«ዛሬ ትወስጂኛለሽ። ነገ ቢሮ ነሽ» አለች።

ልክ ናት። ተነስቼ ወጣሁ። እኛ ግቢ በርጫው ደርቷል፤ ሽማግሌዎቹ ተጋድመዋል፣ አባባም መሐላቸው ነው። ከዶሮው ቤት ጀርባ አካፋና ዶማ አወጣሁና ምንጣፉ መሐል፣ ጫቱ ላይ ጣልኩት።

«ምን ነካሽ?» አለ አንዱ።

«ይደፈን ያላችሁት ሽንት ቤት ተደፍኗል» አልኩ። «ውሃው ተመርምሯል፣ ከሽንት ቤት የመጣ ነገር የለበትም። ዝገት ነው፣ የዚህ ቤት ዝገት። ሆዮ ሽንቴ ይመጣል ብላ ውሃ አትጠጣም። ደፍኑ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፣ ቆፍሩ።»

«ነገ ሰው ቀጥረን እናስቆፍራለን ልጄ፣ ተረጋጊ» አለ ሌላው።

«ነገ ስትሉ ዛሬም አትጠጣም።»

አባባ አካፋውን ያየዋል። የአካፋው ብረትም ከባቡር ጋራዥ የመጣ ነው፤ ጫፉ ቀልቷል። ያን ሰዓት ከአፉ አንዲት ቃል ስለ ፈረንሳይ ብትወጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሽርጡን አጠበቀ፣ አካፋውን አነሳና በበሩ ወጣ። ተከተልኩት። እየቆየ ሌሎቹም ጫታቸውን በጉንጫቸው እንደያዙ፣ እያጉረመረሙ መጡ።

ሆዮ ፊት ሲደርስ ቆመ። እሷ ኮቴውን ሰምታ ቀና አለች።

«ሆዮ» አላት፣ «የኔ ብረት ነው የዛገው።»

እሷ «ኸይር ነው፣ ግባ» አለችው። ይህን ያህል በርካሽ ይቅር መባሉ አናደደኝ። ባያናድደኝ ጥሩ ነበር፣ ግን አናደደኝ። እሱ ወደ ትኩሱ አፈር ሄዶ መቆፈር ጀመረ። ሽማግሌ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያነሳ ትንፋሹ ተቆራረጠ፣ አንዱ ጓደኛው ዶማውን ይዞ ተተካ። እየተቀያየሩ ቆፈሩ። እንዲያ ሲቆፍሩ ዛሬ እንደማያልቅ ያስታውቃል።

ሆዮ ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዘነበለች። «ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አባባና የበርጫ ጓደኞቹ ናቸው። ሽንት ቤትሽን እየከፈቱ ነው። እስኪያልቅ ከቢሮ ፈቃድ እወስዳለሁ፣ እኔ ነኝ የምደግፍሽ።»

ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «በይ አምጪው» አለች።

ጆጉን በሁለት እጇ ያዘች። ትንሽ ጎንጨት ታደርጋለች ብዬ ነበር። ሳታቋርጥ፣ አገጯ ላይ እየፈሰሰ፣ እስከ ሥሩ ጠጣችው። ባዶውን መልሳልኝ «ሌላ አለ?» አለችኝ። ልቀዳ ወደ ቧንቧው ስሄድ አባቴን በጎኑ አለፍኩት፤ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔ ግን አላየሁትም።